ስኳር የምትረሳው እናቴ

እናቴ ቬርና የአሳማ ጎድን የሚታሽበትን ደረቅ ቅመም ስታዘጋጅ አንድ ነገር ትረሳለች። ሁልጊዜ። በርበሬው፣ ጨዉ፣ ቁንዶ በርበሬው፣ ሰናፍጩ፣ የደረቀው ነጭ ሽንኩርት አንድም ሳይጎድል ሳፋው ውስጥ ይገባና ስኳሩ ሲቀር እጇን ታጥባ ወደ በረንዳ ትወጣለች። ቡናማው ስኳር በማሰሮው እንዳለ እዚያው ሳፋው አጠገብ ይቀራል። ያን ጊዜ እኔ ገብቼ እጨምርላታለሁ።

ሰማንያን ያለፈች ሴት ስኳር ብትረሳ ምን ይገርማል ትሉኝ ይሆናል። እናቴ ግን ሠላሳ ሳይሞላትም ትረሳው ነበር። የጎረቤቱን ልጅ ሁሉ የልደት ቀን በቃሏ የምትይዝ ሴት ይሄን አንድ ነገር ለምን እንደማትይዝ ጠይቄያት አላውቅም። ሰው ነች፤ የራሷ አመል ይኖራታል ብዬ ተውኩት። የገባኝ ዘንድሮ ነው፤ እሱም ተቆጥታኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ስምንት ዓመቴ ላይ ነው፤ ሜምፊስ ውስጥ፣ በጓሮ በኩል ባለው በረንዳዋ ላይ የበርበሬ ዘለላ በምስማር በተሰቀለባት ትንሽ ቤታችን። አባቴ ገና ዳዴ ስል ነበር የሞተው፤ ለእኔ ግድግዳ ላይ ያለ ባርኔጣ ያደረገ ፎቶግራፍ ነው። እናቴ ልብስ ማጠቢያ ቤት ስትተኩስ ትውላለች። ማታ ስትመጣ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ዝም ትላለች፤ እኔም አብሬያት ዝም እላለሁ። ቤታችን ውስጥ ሳቅ የሚሰማው ጋሽ ሆሊስ ሲመጣ ብቻ ነበር።

ጋሽ ሆሊስ ፒብልስ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ከሚመላለሱት የጭነት ጀልባዎች በአንዱ ወጥ ቤት ነበር። ረጅም፣ አንድ የወርቅ ጥርስ ያለው፣ ፉጨቱ ገና ከመንገዱ ጥግ የሚሰማ ሰው። ጫማው ከወንዝ ጭቃ ተለይቶ ስለማያውቅ የሚገባው በኋላ በር ነው። ደረጃው ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ያወልቅና፣

"እሜቴ አርዴሊያ፣ መግባት ይፈቀድልኛል?" ይለኛል።

"ጫማህን አውልቅ!"

"ኧረ እሜቴ! ጫማዬን ካወለቅኩ ሰፈሩ በሙሉ አገር ለቆ ይሄዳል።"

አንቱ ልለው ስሞክር "ተይ እባክሽ፣ ጥርሴ የረገፈ ይመስለኛል" ብሎ ከልክሎኝ ነበር። ኪሱ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ወይ የወንዝ ዛጎል፣ ወይ የተቋጠረ ገመድ ይወጣበታል። እወደው ነበር። ከባርኔጣው ፎቶግራፍ ይልቅ እወደው ነበር፤ ይሄ ደግሞ እናቴን የሚያስቀይማት ስለመሰለኝ እሷ ባለችበት ፊቴን አዞርበታለሁ። ልጅ ሳለሁ ብልህ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ከኋላችን ባለው ቤት እትዬ ኦክቴቪያ ይኖሩ ነበር፤ ለመድኃኒትም ለመተትም ሥር የሚያውቁ፣ ሰው ሁሉ በአደባባይ የሚያማቸው፣ በጓሮ ግን የሚያማክራቸው ሴት። በዚያ ነሐሴ መግቢያ ላይ አብሬያቸው አደንጓሬ ስፈለፍል አንድ ትልቅ ትምህርት ሰጡኝ።

"ሰው ከደጅሽ እንዲጠፋ ከፈለግሽ፣" አሉኝ፣ "ቀይ በርበሬ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ ታደቂያለሽ። ከዚያ የሚረግጠው ቦታ ላይ መነስነስ ነው። እግሩን ያቃጥለዋል። ቀስ ብሎ ስለሆነ ሰውየው እንኳ አይታወቀውም። ብቻ አንድ ቀን ተነስቶ ይሄዳል።"

"የት ይሄዳል?"

"እኔ ምን አውቄ! የእህቴ ባል ዲትሮይት ነው የሄደው።"

"እንዳይሄድ ከተፈለገስ?"

ቀና ብለው አዩኝ። "አንቺ ደግሞ ከአሁኑ ማንን ልትይዢ ነው? ስኳር ነዋ! ስኳር የያዘውን ሰው ማን ያስለቅቀዋል?"

የእህታቸው ባል ዲትሮይት የሄደው መኪና ፋብሪካ ተቀጥሮ እንደሆነ፣ ሚስቱንም ወዲያው እንዳስመጣት የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ ግን በባዶ እግሩ እያነከሰ ወደ ሰሜን የሚሮጥ ሰው ነበር የታየኝ።

በዚያው ሰሞን፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ለቅዝቃዜው ብዬ መስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ተጋድሜያለሁ። እናቴና ጋሽ ሆሊስ ፊተኛው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። የተኛሁ መስሏቸዋል። ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።

"ወንዙ ሰልችቶኛል፣ ቬርና። ሴንት ሉዊስ አንድ ሆቴል ና ብሎኛል። እዚህ የሚያስቀረኝ ነገር ካለ ንገሪኝ፤ ከሌለም ንገሪኝ።"

"አታጣድፈኝ።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ መጥናት ማጣደፍ ይባላል?"

እናቴ "እግርህ መጀመሪያውኑ ይሄን ደጅ ባያውቀው ይሻለኝ ነበር" አለች። "የአንድ ሰው ልብ ሳላውቅ መልስ አልሰጥህም።"

"ጠይቂያ ታዲያ!"

"ጠይቄ የማገኘው መልስ አይጠቅመኝም።"

እኔ ቀና ብዬ የባርኔጣውን ፎቶግራፍ አየሁ። እሱ እንደሆነ አይመልስ።

"በመመለሻው ቀን ጎድኑን አንተ ጥበስ ብለውኛል፣" አለ ጋሽ ሆሊስ። "እሳቱ የእኔ ነው። ቅመሙስ የማን ይሆናል?"



የመመለሻ ቀን የምንለው በየነሐሴው ወደ ሰሜን የሄደው ሰው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ተመልሶ የሚበላበት እሑድ ነው። በእኛ ዘንድ ወንድ የሚጠብሰውን ሥጋ የምትቀምምለት ሚስቱ ወይም እጮኛው ነች። ሌላ ሴት ከቀመመችለት ጸሎት ሳያልቅ ወሬው ዲትሮይት ይደርሳል። ጋሽ ሆሊስ የጠየቀው ስለ በርበሬ አልነበረም። እኔ ግን ቅመም ሲባል የማውቀው ጋሽ ፔቲስ የሚባሉት የጥብስ ጉድጓዱ አለቃ በባልዲ የሚበጠብጡትን፣ መጥረጊያ በሚያክል ብሩሽ ሥጋው ላይ የሚቀቡትን ኮምጣጣ ስጎ ነው። ሥጋ በደረቅ ዱቄት ሲታሽ አይቼ አላውቅም። ያ የወንዝ ሰዎች አሠራር ነው፤ ሰፈራችን ያመጣው ጋሽ ሆሊስ ነበር።

ከበዓሉ በፊት በነበረው ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ወደ እትዬ ኦክቴቪያ ላከችኝ፤ ትልቁን ጠረጴዛቸውን ለበዓሉ ያውሱን እንደሆነ ጠይቄ እንድመጣ። "አስብበታለሁ" አሉኝ፤ ጠረጴዛቸውን ይሳሱለታል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እናቴ በዚያ ሙቀት መስኮቱን ሁሉ ዘጋች። ማራገቢያውን አጠፋች። አፍና አፍንጫዋን በሻሽ አሰረች። ከዚያ የበርበሬውን ዘለላ ከምስማሩ አወረደች።

"ውጪ ተጫወቺ። ይሄ የልጅ ሥራ አይደለም።"

ውጪ ወጣሁ፤ እስከ በሩ ድረስ። አፍንጫዬን ዝንብ እንዳይገባ በሩ ላይ በተወጠረው የሽቦ ወንፊት ላይ ለጥፌ አየሁ። በርበሬውን በእጅ ወፍጮ ፈጨች። ጨው ጨመረች። ቁንዶ በርበሬ ጨመረች። እትዬ ኦክቴቪያ የቆጠሩት ሁሉ ሞላ። ሰናፍጭና የደረቀ ነጭ ሽንኩርትም አከለች፤ ያን ማጠናከሪያ ነው ብዬ ገመትኩ። ጋሽ ሆሊስ እንኳን ዲትሮይት፣ አላስካም ላይቆም ነው።

ወዲያው ወደ በሩ ስትመጣ ከዝናብ ውሃው በርሜል ጀርባ ተደበቅኩ። በሩን ከፍታ ሽርጧን ደረጃው ላይ አራገፈችው። ቀዩ ብናኝ ልክ ጋሽ ሆሊስ ቆሞ ባርኔጣውን የሚያወልቅበት ቦታ ላይ አረፈ።

"ሆሊስ ፒብልስ፣" አለች ለራሷ፣ "እንግዲህ የመጣው ይምጣ።"

ሽርጥ ማራገፍ እንደነበረ አሁን አውቃለሁ። ዱቄት የነካው ሽርጥ ሁሉ የሚራገፈው እዚያው ነበር። ያኔ ግን በዓይኔ ያየሁት ነገር ነውና ማንም ሊያስተባብለኝ አይችልም ነበር።

ሳፋውን ጠረጴዛው ላይ ትታ፣ እጇን ታጥባ ወደ ፊተኛው በረንዳ ወጣች። ገባሁ። ቀዩ ዱቄት እንደ ጉብታ ተከምሯል። ከአጠገቡ እናቴ ለኮክ ኬኳ ያስቀመጠችው ቡናማ ስኳር በማሰሮው አለ። አንድ እፍኝ ጨመርኩ። ትንሽ መሰለኝ። እትዬ ኦክቴቪያ መጠኑን አልነገሩኝም! አንድ እፍኝ ደገምኩ። እስከ ክንዴ ገብቼ አማሰልኩና፣ ላቤ ሲወርድ ዓይኔን በዚያው እጄ አሸሁ።

እግር የሚያቃጥል ዱቄት ዓይን ላይ ምን እንደሚሠራ ልነግራችሁ አልችልም። የቀሚሴን ጫፍ ነከስኩ። ብጮህ እናቴ ትመጣለች፤ እናቴ ከመጣች ደረጃው እንደ ተነሰነሰ ይቀራል። በአንድ ዓይኔ መጥረጊያ ፈልጌ ደረጃውን ጠረግኩ፣ ከበርሜሉ ውሃ ቀድቼ አጠብኩት፣ ለጥንቃቄም ያህል አንድ ጭብጥ ስኳር በተንኩበት። ከዚያ ራሴን በርሜሉ ውስጥ ነከርኩ።

ወደ ማምሻው ላይ ፉጨቱ ተሰማ። ደረጃችን ላይ ጉንዳን በሰልፍ ይሄድ ነበር። ጋሽ ሆሊስ አንዱንም እንዳይረግጥ እየዘለለ በሩ ጋ ደረሰ። እናቴ ሳፋውን አቅፋ ቆማለች። ጣቱን ነክሮ ቀመሰ፣ ቆመ፣ እንደገና ቀመሰ።

"ይሄ የነገርኩሽ አይደለም። ስኳር አለው።"

"አለው። እንደዚያው አድርገህ እሸው።"

ቀስ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። "ምን ማለትሽ ነው?"

እናቴ ወደ እሱ ጠጋ ብላ፣ እኔ የማልሰማ መስሏት፣ "እሺ ብላለች" አለችው።

እትዬ ኦክቴቪያ ጠረጴዛውን ፈቀዱ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ለጠረጴዛ ብሎ አንድ ትልቅ ሰው እንዲህ ዓይኑ ውሃ ሲሞላ ግን አይቼ አላውቅም። ጋሽ ሆሊስ በእናቴ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየኝ።

"እሜቴ፣ ዓይንሽ ምን ሆኖ ነው የቀላው?"

"ጉንዳን ነከሰኝ።"

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሴራዋ ስለከሸፈባት የምታለቅስ መስሎኝ አዘንኩላት።

በማግስቱ እሳቱ ገና ጎህ ሲቀድ ነደደ። ጸሎት አልቆ ስንወጣ ጎድኑ ጉድጓዱ ላይ ጠቁሮ፣ እንደ ከረሜላ አብለጭልጮ ተደርድሯል። ጋሽ ፔቲስ ባልዲያቸውን ይዘው መጡና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

"ይሄ የወንዝ ልጅ ሥጋችንን ከሰል አደረገው! ስጎ የለ፣ ምን የለ! ይሄን ለሰው ልትሰጥ ነው ለምድጃ?"

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ይቅመሱት።"

"ጥርሴን ማን ይተካልኛል?" አሉና አንድ ጎድን ነጠቁ። ነከሱ። ሁላችንም አፍ አፋቸውን እናያለን። አጥንቱን ጨርሰው ጣታቸውን አንድ በአንድ ላሱ፤ ባልዲያቸውንም በእግራቸው ወደ ጠረጴዛው ሥር ገፋ አደረጉት።

"ማን ነው ይሄን የቀመመው?"

ሴቶቹ ሁሉ ወሬያቸውን አቆሙ። ጋሽ ሆሊስ መሬት መሬት አየ። እናቴ ሰማያዊ ባርኔጣዋን አስተካክላ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣

"እኔና ልጄ" አለች።

"እሰይ!" ብለው እትዬ ኦክቴቪያ ጭኔን ቆነጠጡኝ። ምግቡ ተረሳና ሰው ሁሉ እናቴን ማቀፍ ጀመረ። እኔ ምግብ ጣፍጦ ይሄን ያህል መተቃቀፍ ምንድን ነው አልኩ። "ልጄ" ያለችኝም ለወግ መሰለኝ። ብቻ ጋሽ ሆሊስ ሴንት ሉዊስ አልሄደም። ጥቅምት ሳያልቅ ተጋቡ፤ እሱም ከወንዝ ወርዶ ከተማ ውስጥ ወጥ ቤት ተቀጠረ። ስኳሩ በርበሬውን አሸነፈው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በሚቀጥለው ነሐሴ እናቴ መስኮቱን ዘጋች፣ ሻሿን አሰረች፣ ፈጨች፣ ቀላቀለች፤ ስኳሩን ረስታ ወጣች። ያን ጊዜ ዱቄቱ የሥጋ እንደሆነ አውቄያለሁ። ግን ማን ያውቃል ብዬ ሹክክ ብዬ ገብቼ ጨመርኩ። በሚቀጥለውም። ሳድግ መደበቁን ተውኩ፤ አግብቼ ልጆች ወልጄም በመመለሻው ሰሞን እየመጣሁ ስኳር መጨመር ሥራዬ ሆኖ ቀረ።

ዘንድሮ ጋሽ ሆሊስ ዘጠናን እየተጠጋ ነው። ጆሮው ደክሟል፤ የወርቅ ጥርሱ ብቻ ነው እንደ ድሮው ያለ። ሐኪሙ ስኳር አለብህ ብሎታል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ እያወቅኩ ዝም አልልም። እናቴ ቅመሟን ጨርሳ እጇን ታጥባ ስትወጣ ገባሁና የስኳሩን ማሰሮ ወደ መደርደሪያው መለስኩት።

ተመልሳ መጣች። ጣቷን ነክራ ቀመሰች። ደገመች። ፊቷ ጠቆረ።

"ስኳሩስ?"

"ዘንድሮ ይቅር፣ እማዬ። ሐኪሙ ከልክሎታል።"

"ሆሊስ ምን አደረገሽ?"

"ምን አደረገኝ? ስኳር በሽታ አለበት እኮ ነው የምልሽ!"

"ይሄን ሁሉ ዘመን ኖሮ፣ በስተርጅና፣ ዛሬ ምን አድርጎሽ ነው?" መሀረቧን ከኪሷ አወጣች። እናቴ ስታለቅስ ብዙ አላየሁም። እንደ ነርስ የማስበውን ክፉ ነገር ሁሉ አሰብኩና ወንበር ሳብኩላት።

"እማዬ፣ ስኳሩን ሁልጊዜ የምትረሺው እኮ አንቺ ነሽ።"

"እኔ?" አለች፣ እንባዋ ላይ ቁጣ ጨምራ። "እኔ በሕይወቴ ስኳር ረስቼ አላውቅም!"

ከዚያ ነገረችኝ። ያን ቅዳሜ ሻሿን ወንበር ላይ ረስታው ስትመለስ፣ ከመኝታ ቤቱ በር ሆና አይታኛለች። ልትጮህብኝ አፏን ከፍታ ነበር።

"ዓይንሽን ስታሺ አየሁ። ቀሚስሽን ነክሰሽ ዝም አልሽ። ዓይንሽን እንኳ ሳትታጠቢ መጥረጊያውን አነሳሽ። ያን ጊዜ ገባኝ። እኔም እዚሁ ነው ያደግኩት አርዴሊያ፤ በርበሬው ምን እንደሆነ፣ ስኳሩ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።"

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ጠይቄሽ ምን ልትዪኝ? 'እሺ እማዬ' ነዋ! ጥርስሽን ላስነቅል ስወስድሽም 'እሺ እማዬ' ነው ያልሽው። እሱ ሲመጣ ደግሞ ፊትሽን ታዞሪያለሽ። ልጄ የማትፈልገውን ሰው አላስገባባትም ብዬ ቆርጬ ነበር። ያን ቀን ቅመሙን ጨርሼ፣ ልስጠው ልድፋው፣ ግራ ገብቶኝ ነው በረንዳ የወጣሁት።"

የአንድ ሰው ልብ ያለችው የባርኔጣውን ሰው አልነበረም። ቁጭ አልኩ።

"በየዓመቱ የምትወጪውስ?"

"ሰው ይለወጣል። አንድ ጊዜ እሺ ያለ ሁልጊዜ እሺ ያለ ነው እንዴ? ማንም ሳያይሽ ብቻሽን እተውሽና ተመልሼ እቀምሳለሁ።" አፍንጫዋን በመሀረቧ ጠረገች። "አሥራ ስድስት ዓመትሽ ላይ፣ ሆሊስ ያን ጋራዥ የሚሠራ ልጅ ከደጅ ባባረረብሽ ጊዜ፣ አንድ ቁንጥር ነበር የጨመርሽው። ሆሊስ ያን ዓመት እስከ ገና ድረስ ድምፁን አጥፍቶ ነው የኖረው፤ ምስኪን!"

ሳቄ መጣ፤ ከሳቄ ጋር እንባዬም። እናቴ ጉንጬን በዚያ ቅመም በነካው እጇ ዳበሰችኝና ልክ ዓይኔ ጋ ስትደርስ አስታወሰች፤ እጇን ሰበሰበች። ተነስታ ታጠበች። እንደ ልማዷ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች።

ማሰሮውን አወረድኩ። ሆሊስ አንድ ጎድን ብቻ ይበላል፣ ከበላም እኔ አጠገቡ ነኝ ብዬ ለሐኪሙ በልቤ ማልኩለት። አንድ እፍኝ ጨመርኩ። ትንሽ መሰለኝ። ሁለተኛውን ደገምኩ፤ እስከ ክንዴ ገብቼ አማሰልኩ።

እናቴ ተመልሳ ገብታ ቀመሰች። አንገቷን ነቀነቀችና ወደ በረንዳው ወጣች፤ ጋሽ ሆሊስ ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ወደተቀመጠበት። እንደ ድሮው ልታንሾካሹክለት ጠጋ አለች፤ እሱ ግን ጆሮ የለው።

"እሺ ብላለች።"

"ምን አልሽ?"

"እሺ ብላለች!" ብላ ጮኸች እናቴ፣ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ። "ልጅህ ዘንድሮም እሺ ብላለች ነው የምልህ!"